ምርቃት የዘጋው መውጫ

ከአምበር ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ቀበሌ ስብሰባ ተጠራ ሲባል፣ ድሮ ሰው የሚጠይቀው «አጀንዳው ምንድን ነው?» ብሎ አልነበረም፤ «ሙላት አለ ወይ?» ብሎ ነበር። ሙላት ካለ ነገር አለ። ሙላት ከሌለ ከወረዳ የመጣው ባለሙያ ያነባል፣ ሰው ያጨበጭባል፣ ፀሐይ ሲበረታ ሁሉም አቧራውን አራግፎ ይበተናል።

አያ ሙላት ታዲያ ለመናገር ሲነሡ አይቸኩሉም። መጀመሪያ ኩታቸውን ያስተካክላሉ። ቀጥለው ዱላቸውን ከፊታቸው ተክለው ሁለቱን እጃቸውን እላዩ ላይ ያነባብራሉ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረግ ያደርጉና ዝም ይላሉ፤ ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ እስኪጠብቃቸው ድረስ። በልጅነታቸው ጥቂት ጊዜ ቅኔ ቤት ስለቆዩ ነገር ሲያመጡ ከሩቅ አዙረው ነው። የጤና ኬላው ወደ ጎረቤት ቀበሌ ሊሄድ ሲል ተከራክረው ያስቀሩት እሳቸው ናቸው፤ ይህን ማንም አይክድም። ከስብሰባ ሲመለሱ ሰው ከኋላ ከኋላቸው እየተከተለ፣ «አያ፣ ዛሬስ አፋቸውን አስያዙልን» ይላቸዋል። እሳቸውም «ተዉ እባካችሁ» ይላሉ፤ ግን ሰው እንዳይተው እርምጃቸውን ቀስ ያደርጋሉ። መሬታቸው ከሰው አይሰፋ፣ በሬያቸው ከሰው አይበልጥ፤ የነበራቸው ሀብት ይኸው አፋቸው ነበር።

ታዲያ ምን ያደርጋል፣ የብርጓል መጣች።

መጣች ሲባል ከሌላ አገር አይደለም። እዚያው ተወልዳ፣ እዚያው አግብታ፣ ባሏ ሲሞትባት ልጆቿን ብቻዋን ያሳደገች ሴት ናት። በስብሰባ ላይ ነጠላዋን አፏ ላይ ጣል አድርጋ ከሴቶቹ መሀል ከመቀመጥ ሌላ ነገር አይታባትም ነበር። አንድ ዓመት ግን የውሃ ቦኖው የት ይተከል የሚል ውይይት ተጠራ። አያ ሙላት ተነሥተው፣ ዱላቸውን ተክለው፣ ምንጩ በማን ዘመን እንደፈለቀ፣ አባቶች እንዴት ተስማምተው እንደተካፈሉት ተረኩና ቦኖው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ይሁን አሉ። ሰው ሊያጨበጭብ እጁን ሲያነሣ የብርጓል ብድግ አለች።

«አያ፣ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። ግን ጄሪካኑን አዝለን ዳገቱን የምንወጣው እኛ ነን። ለምን እኛን አትጠይቁንም?»

ይህን ብላ ተቀመጠች። ሴቶቹ አጉረመረሙ፣ ወንዶቹ ሣቁ፣ ቦኖው ታች መንደሩ አፍ ላይ ተተከለ። የዚያን ዕለት ከስብሰባው ሲመለሱ አያ ሙላትን የተከተላቸው ሰው አልነበረም። ዘወር ብለው ሲያዩ ሰዉ የብርጓልን ከቦ ይሄዳል።

ከዚያ ወዲህ ቅናት አንጀታቸውን ይበላው ጀመር። መቼስ የቅናት ነገር አይጣል ነው። የወረዳ መኪና እሷ ቤት አጠገብ ከቆመ ያን ቀን እህል አይበሉም። ከቅዳሴ መልስ አንዱ ሽማግሌ «እንደምን አደርሽ የብርጓል» ካላት፣ ሽማግሌው ለሳምንት ጠላታቸው ነው። የቦኖውን ውሃ እንኳ አልጠጣም አሉ፤ «ቧንቧ ቧንቧ ይለኛል፣ የምንጩን አምጪልኝ» ብለው ሚስታቸውን ሥራነሽን አስቸገሩ። ሥራነሽም እሺ ብላ ከዚያው ከቦኖው እየቀዳች ታቀርብላቸዋለች። እሳቸው ጠጥተው አፋቸውን እየጠረጉ «ውሃ ማለት ይህ ነው» ይላሉ።

አንድ ቀን ብሶባቸው «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» አሉ።

«እሷ ወንድ የላት» አለች ሥራነሽ፣ ሽሮዋን እያማሰለች። «ለዚህ ይሆናላ ያላለቀባት።»

በዓመቱ ግንቦት ላይ ደግሞ ከወረዳ ረቂቅ መመሪያ መጣ። የወል ግጦሹ ሜዳ ከልቅ ግጦሽ ይከለል፣ ከብት አይግባበት፣ ሣሩ እየታጨደ ለከብቱ ይወሰድ የሚል ነው። ከመጽደቁ በፊት ሕዝብ ይወያይበት፣ አስተያየት ይስጥበት ተባለ። ሐሳቡን ብዙ ሰው አልጠላውም፤ ሜዳው ተግጦ አፈሩ ወጥቷል። ለአያ ሙላት ግን ነገሩ የሞት የሽረት ነበር። ቤታቸው ከሜዳው ወዲህ ማዶ ብቻውን ያለ ነው፤ ወንዙ ከሜዳው ወዲያ ነው። ከብቶቻቸው ጠዋትና ማታ ሜዳውን አቋርጠው ነው ውሃ የሚጠጡት። ሜዳው ያለ መውጫ ከተዘጋ የቀራቸው መንገድ በገደሉ ጥግ የሚዞረው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ እንኳን ለእርጉዝ ላም ለፍየልም አይመች።

በስብሰባው ዕለት ጠዋት ሥራነሽ ኩታቸውን እያቀበለች፣ «ስማኝ፣ ዛሬ ስለ አባቶች አታውራ። መውጫ ይተውልኝ በል፣ በቃ» አለቻቸው።

«እኔን ንግግር ልታስተምሪኝ ነው?»

«አላስተምርህም። መውጫውን ብቻ እንዳትረሳ።»

አያ ሙላት ግን በሆዳቸው ሌላ ነገር ይዘዋል። የብርጓል ትናገር፣ ትጨርስ፣ ከዚያ እነሣለሁ፤ መጨረሻ የተናገረ ነው የሚታወሰው ብለዋል። ስለ መውጫው ማንሣታቸው አልቀረም፤ ብቻ እሷን የሚያስረሳ ንግግር መሀል ሸጉጠው ሊያመጡት ነው።

ስብሰባው በግራሩ ጥላ ሥር ሆነ። ዘመነ የሚባለው የወረዳው ባለሙያ ረቂቁን አንብቦ ሲጨርስ ሰው እርስ በርሱ ተንሾካሾከ። ሰብሳቢው ቀና አለ። አያ ሙላት የልማድ ነገር ሆኖባቸው ዱላቸውን ጨበጥ አደረጉ። ሰብሳቢው ግን በእሳቸው ራስ ላይ አሻግሮ እያየ፣ «እስቲ የብርጓል፣ አንቺ ምን ትያለሽ?» አለ።

መጀመሪያ እሷ ትናገር ያሉት ራሳቸው ናቸው። ቢሆንም ተጠርታ መናገሯ አቃጠላቸው። ይኸ ሰብሳቢ ትናንት የተወለደ ልጅ፣ በእኔ አፍ ወንበር ላይ የወጣ፣ አሉ በልባቸው።

የብርጓል ተነሣች። ሜዳው ቢከለል እንደምትስማማ፣ ሣሩ ግን አቅም ያለው ብቻ አጭዶ እንዳይወስደው በየቤቱ እንዲከፋፈል፣ ለአቅመ ደካሞች ጎረቤት በደቦ እንዲያጭድላቸው ተናገረች። ዘመነ አንገቱን እየነቀነቀ ጻፈ። ከኋላ አንዱ «እውነቷን ነው» አለ፤ ሌላውም ተቀበለው። ጭብጨባው ሲነሣ አያ ሙላት ጥርሳቸውን ነከሱ። ምን አዲስ ነገር አለው? ይህን እኔስ አጥቼው ነው?

ጭብጨባው በረድ ሲል የብርጓል፣ «አንዲት ነገር ደግሞ ቀርታኛለች» አለች።

አያ ሙላት ከዚህ በላይ አልቻሉም። አሁንም ልትናገር፣ አሁንም ሊያጨበጭቡላት ነው። ድንገት ብድግ አሉና ኩታቸውን ከትከሻቸው አወረዱ።

«ተነሡ እንመርቅ።»

እዚያ አገር ምርቃት ቀልድ አይደለም። በዕድሜ የገፋ ሰው ለምርቃት ከተነሣ ማንም አያቋርጠውም፤ ሰው ሁሉ ቆሞ እጁን ይዘረጋል። ከተመረቀ በኋላ ደግሞ በነገሩ ላይ ቃል አይጨመርም፣ አይቀነስም። ያን ምርቃት ሊያነሣ የሚችለው የመረቀው ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እዚያው ቦታ፣ እዚያው ሕዝብ ፊት ቆሞ «ቃሌን አንሡልኝ» ካለ። እንዲህ ያለ ሰው ግን በቅርብ ጊዜ አልታየም። ማን ይዋረዳል?

ሰው ቆመ። የብርጓልም አፏ እንደተከፈተ እጇን ዘረጋች።

«ሣሩን ያለምልምልን» አሉ አያ ሙላት፣ ድምፃቸው እንደ ድሮው ሞልቶ። «ጎታውን ይሙላልን። ይህን ስምምነት የሚያከብረውን ያክብረው። ይህን ስምምነት አፍርሶ በዚህ ሜዳ ከብቱን የሚያሳልፍ ግን ላሙ ትንጠፍ፣ በሬው ይስነፍ።»

«አሜን!» አለ ሕዝቡ።

ሲመለሱ ሰው ተከተላቸው። ከስንት ጊዜ በኋላ ተከተላቸው። «እንዴት ያለ ምርቃት ነው አያ፣ አፍዎን ይባርከው» እያሉ እስከ ሜዳው ጫፍ ሸኟቸው። ቤት ሲደርሱ ፊታቸው እንደ ሙሽራ በርቷል።

«መውጫውስ?» አለች ሥራነሽ።

አያ ሙላት ኩታቸውን ሰቀሉ። መልሰው አወረዱት። እንደገና ሰቀሉት።

«አልተናገርክም?»

«መርቄ ዘጋሁት» አሉ፣ ቀስ ብለው።

«ምኑን?»

«ሜዳውን ነዋ።» ከዚያ ያሉትን ሁሉ፣ ላሙ ትንጠፍ ያሉትን ሳይቀር ነገሯት። ሥራነሽ «በሬ ሆይ» ብላ ብቻ ወደ ጓዳ ገባች። የቀረውን መጨረስ አላስፈለጋትም፤ ሣሩን አይቶ ገደሉን ያላየው በሬ ማን እንደሆነ ሁለቱም ያውቁታል።

ከማግስቱ ጀምረው ከብቶቹን በገደሉ ጥግ ዞሩ። በሦስተኛው ቀን ጊደሯ ተንሸራትታ የፊት እግሯን ተጎዳች። አያ ሙላት እግሯን በጨርቅ እያሰሩ የረገሙት ራሳቸውን አይደለም፤ የብርጓልን ነው። ያቺ ሴት አርፋ ብትቀመጥ እኔ መች እመርቅ ነበር ይላሉ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የብርጓል ራሷ መጣች። ከደጅ ቆማ አንገቷን ሰበር አድርጋ ሰላምታ ሰጠች።

«አያ፣ ነገ ባለሙያው ተመልሶ ይመጣል አሉ። የሰጠነውን አስተያየት አንብቦልን ነው ወደ ወረዳ የሚልከው። ያኔ አንዲት ነገር ቀርታኛለች ያልኩት የእርስዎን መውጫ ነበር። ምርቃቱ ቀደመኝ። እርስዎ ምርቃቱን ብቻ ያንሡ፤ የቀረውን እኔ እናገራለሁ።»

ክፉ ብትሆንላቸው ምን ነበረበት? መሬታቸውን ብትገፋ፣ ብትሰድባቸው፣ ቢያንስ በአንዲት ነገር ብታማቸው፣ ይጠሏትና ይገላገሉ ነበር። እሷ ግን አዘነችላቸው። ከጭብጨባው ሁሉ ይልቅ ይህ አንገበገባቸው።

«እኔ አፍ የለኝም እንዴ?» አሉ። «ራሴ እናገራለሁ።»

«እሱማ ማን እንደ እርስዎ» ብላ ሄደች፤ ከልቧ ነው ያለችው።

እሑድ በግራሩ ሥር ሰው ተሰበሰበ። አያ ሙላት ተነሡ፣ ዱላቸውን ተከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቃሌን አንሡልኝ» አሉ። ሊቀጥሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ቃል አልመጣም። ለጤና ኬላ ሲከራከሩ፣ ለትምህርት ቤት ሲሟገቱ የነበረ አፍ፣ «ላሞቼ» ሲል ተያዘ። ሰው ለሰው ሲናገር አፉ ይፈታል፤ ለራሱ ሲለምን ግን ምላሱ ይታሰራል። በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ እንኳ ለራሳቸው ለምነው አያውቁም ነበር።

«ላሞቼ…» አሉ እንደገና።

«አያ፣ ላሙ ትንጠፍ ያሉት እርስዎ አይደሉም እንዴ?» አለ ከኋላ አንዱ። ሣቅ ሆነ። አያ ሙላት ተቀመጡ።

የብርጓል ተነሣች። የሣቁትን ገላመጠቻቸውና፣ በሜዳው ጠርዝ ግራ ቀኙ በድንጋይ ካብ የታጠረ አንድ መውጫ ቢተው ሣሩም እንደማይነካ፣ የአያ ሙላት ከብቶችም ውሃ እንደማያጡ ተናገረች። «ጤና ኬላው እዚህ የቀረው በማን አፍ ነው? ዛሬ እሳቸው ሲቸገሩ እንስቃለን?» አለች። ዘመነ ጻፈ። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ከመቼውም ይበልጥ አጨበጨበ።

ምርቃቱን ያነሣ ሰው አዲሱንም ስምምነት ራሱ ይመርቃል፤ ነገሩን ያቃናውንም ሰው አብሮ ይመርቃል። ወጉ ነው። አያ ሙላት ተነሥተው መረቁ። መጨረሻ ላይ ወደ የብርጓል ዞረው «አንደበትሽ ይባረክ» አሉ፤ ቃሉ ሲወጣ ጉሮሯቸውን እንደ ሚጥሚጣ አቃጠላቸው። «አሜን» ያለው ሕዝብ ድምፁ ከሜዳው ማዶ ተሰማ።

ሰኔ ሳይገባ ካቡ በደቦ ተካበ። ክረምቱን ከብቶቹ በመውጫው ወጡ ገቡ፣ ጊደሯም ዳነች፣ ሜዳው ለመለመ። ሥራነሽ ደስ አላት። አያ ሙላትም ደስ ብሎኛል ይላሉ ሲጠየቁ።

ጥቅምት ላይ ወይፈን ሊሸጡ አስበው ለቁይ ከተማው ከብት ነጋዴ ለአብዱረዛቅ አስነግረው ነበር። አንድ ጠዋት ስልካቸው ጮኸ።

«አባቴ፣ አብዱረዛቅ ነኝ። ከመኪና ወርጃለሁ፤ ቤትዎ በየት ነው?»

«የሙላት ቤት ብለህ ጠይቅ» አሉ አያ ሙላት ደረታቸውን ነፋ አድርገው። «የማያሳይህ የለም።»

«ጠየቅኩ እኮ አባቴ። ሰዎቹ፣ የብርጓል በር ከሚባለው የሜዳ መውጫ አጠገብ ያሉት ሽማግሌ ናቸው ወይ ይሉኛል። እሳቸው ነዎት?»

አያ ሙላት ስልኩን ከጆሯቸው ራቅ አድርገው አዩት። ሥራነሽ ከበሩ ላይ ቆማ ትሰማለች። ከብቶቹ ከወንዝ ተመልሰው በካቡ መሀል እየተግተለተሉ ነው።

«አዎ» አሉ። «እኔ ነኝ።»