ግድቡን ያፈረስንበት ቅዳሜ

አባቴ ስፕሪንግፊልድ ባለው ቤቱ ጋራዥ ውስጥ፣ ከሣር ማጨጃው ጀርባ፣ ቅርፊቷ ሙልጭ ብሎ የተላጠ አንዲት እንጨት አስቀምጧል። ክንድ ታክላለች። ሁለቱም ጫፎቿ እንደተቀረጸ እርሳስ የሾሉ ናቸው፤ ጠጋ ብሎ ላያት የጥርስ ምልክት አለባት። ባለፈው ሳምንት ዕቃ ላስተካክልለት ሄጄ እጄ ገባች። ነገሩን እያወቅሁ፣ እንዲያው ለነገር ያህል፣ ይቺን ልጣላት እንዴ አልኩት።  ከእጄ ተቀብሎ ቦታዋ መለሳትና ሌላ ካርቶን ማንሳት ጀመረ። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው እንደ ሕፃን ሲያፍር አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ፤ አይቼም እኔው ራሴ አፍሬ ወደ ቤት ገባሁ።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው እዚሁ ቨርጂኒያ፣ በርክ የሚባል ሰፈር ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን የራሷ ሕንፃ ስላልነበራት፣ እሑድ ከሰዓት ፈረንጆቹ ጨርሰው ሲወጡ አዳራሻቸውን ተከራይተን እንገባ ነበር። ከአዳራሹ ጀርባ ጫካ አለ፤ በጫካው መሃል ደግሞ አንድ ወንዝ ያልፋል። ወንዝ አልኩት እንጂ ሌላው ቦታ ላይ ሮጦ የሚዘለል ነው። አንዲት መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ግን ሰፍቶ፣ ጠልቆ፣ ዝም ብሎ ይተኛል። ስብከቱ ሲረዝምብን እኛ ልጆች ሽንት ቤት እንሄዳለን ብለን ሹልክ እያልን እዚያ ድብብቆሽ እንጫወት ነበር። የረጠበ ቅጠልና የጭቃ ሽታው አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ። ወገባቸው ዙሪያውን የተፋቀ ዛፎች ነበሩ፤ ሥራቸው የእንጨት ፍቅፋቂ ተከምሯል። ወንዶቹ ልጆች ጅብ ነው እያሉ ያስፈራሩን ነበር። ቨርጂኒያ ውስጥ ጅብ ከየት እንደሚመጣ የጠየቀ አልነበረም።

በዚያ ዓመት እማማ አስካለ ከአዲስ አበባ መጡ። የአባቴ አክስት ናቸው፤ እናቱ በልጅነቱ ስለሞተች ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ቤታቸው ለልማት ተብሎ ፈርሶባቸው፣ እስኪረጋጉ ብሎ ነው አባዬ ያስመጣቸው። የሚተኙት እኔ ክፍል ስለነበር ታሪኩን በቃሌ አውቀዋለሁ። ጠዋት ላይ ድጅኖ የያዙ ጎረምሶች መጡ፣ ቆርቆሮውን ነቀሉት፣ ግድግዳውን ጣሉት። እማማ አስካለን ያቃጠላቸው ግን መፍረሱ ብቻ አልነበረም። ልጆቹ እየዘፈኑ ነበር ያፈረሱት። "እየዘፈኑ እኮ ነው!" ይሉኝና ወደ ግድግዳው ዞረው ይተኛሉ።

እዚህ ከመጡ በኋላ መጠመቅ ፈለጉ። ፓስተሩ ሊያስተምራቸው እቤት ይመጣ ነበር፤ ሁሉንም እሺ ሲሉ ቆይተው ይቅርታ የሚለው ላይ ሲደርሱ፣ እነዚያን ልጆች ግን ተዉልኝ አሉት። ፓስተሩም ጊዜ ስጧቸው ብሎ አለፈው። ሁለተኛው ችግር ገንዳው ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ የሚያጠምቅበት ሰማያዊ የፕላስቲክ ገንዳ ነበረው። እማማ አስካለ ዞር ዞር ብለው አዩትና እዚህ ውስጥ ልብስም አልዘፈዝፍ አሉ። ከሰማይ በታች ያለ ውሃ ነው የምፈልገው ሲሉ አባዬ እጃቸውን ይዞ ወደ ጫካው ወሰዳቸው። ጎንበስ ብለው ውሃውን በእጃቸው ነካ አደረጉና በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀኑ ተቆረጠ፤ እሑድ ተጠምቀው ረቡዕ ወደ አገራቸው ሊበሩ።

አባዬ የሚሆነውን አጣ። ሲልቨር ስፕሪንግ ካለች ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ተጠርተዋል፣ እንግዳ ይመጣል፣ እና እዚያ ውሃ ጫፍ ላይ አንድ የእንጨት ክምር አለ። ከዳር እስከ ዳር ወንዙን ዘግቶታል፤ ጭቃ፣ ድንጋይ፣ ቅርንጫፍ የተዘበራረቀበት ነገር። አባዬ ያደገበት ሰፈር ክረምት ሳይገባ ወንዶቹ ወጥተው ቦይ ይጠርጋሉ። የተዘጋ ውሃ ማለት ለእሱ ሰው የረሳው፣ ባለቤት ያጣ ውሃ ነው። ቆሻሻ መሃል እናቴን አላስጠምቅም አለ፤ ሲያቆላምጣቸው እናቴ ነው የሚላቸው። የቤተ ክርስቲያኑን ወንዶች ደውሎ ሰበሰበ፤ ቅዳሜ ጠዋት ጎማ ጫማቸውን አድርገው መጡ። አባዬ መፈንቀያ ብረት ይዞ ነበር።

እንዴት ያለ ቀን ነበር! እነሱ ይነቅላሉ፣ እኛ ልጆች እየተቀባበልን ዳር እንከምራለን። እንጨቱ እንዲህ በቀላሉ አልወጣም፤ አንዱ ካንዱ ተሰክቶ፣ ድንጋይ ተጭኖት፣ ጭቃ ተመርጎበታል። አንድ ሰውዬ ይሄንን ማን እንዲህ ጠረበው ሲል፣ አባዬ ጎርፍ ነው ያመጣው አለው። መዝሙር አነሱ፤ አባዬ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ በዜማው ልክ ይስባሉ። መሃሉ ሲለቅ ውሃው ጓ ብሎ ወጣ። እኔ እልል አልኩ። አባቴን በሰው ፊት አለቃ ሆኖ ያየሁት ያን ቀን ነበር፤ ሥራው እንግሊዝኛ ሳይጠይቀው፣ ማንም ሳያስደግመው። ማታ ለእማማ አስካለ እየዘለልኩ ነገርኳቸው፤ እየዘመርን አጸዳንልዎት አልኩ። ተባረኩ ብለው ግንባሬን ሳሙኝ።

እሑድ ከሰዓት ሁሉም ነጭ ለብሶ መጣ። ገና ከጫካው ሳንወጣ ሽታው ተቀበለን፤ የሚሸት ጥቁር ጭቃ። ውሃው የለም። ያ ሁሉ ውሃ ሄዶ ቁርጭምጭሚት የማይሸፍን ጅረት ቀርቷል። የመዘምራኑ ጫማ ጭቃው ውስጥ ይሰምጣል፣ ሰው እርስ በርሱ ይተያያል፣ ፓስተሩ መጽሐፉን እንደያዘ ቆሟል። ከላይ በኩል፣ እኛ ደሴት ናት የምንላት የእንጨት ጉብታ መሬት ላይ ራቁቷን ቀርታለች፤ ከሥሯ አንድ ጥቁር ቀዳዳ አፉን ከፍቷል።

ውሻ የሚያናፍስ አንድ የሰፈሩ ፈረንጅ ሽማግሌ ነበር። ዳር የተከመረውን እንጨት አየ፣ እኛን አየ። ቢቆጣ ምን ነበረበት! አልተቆጣም። ቀስ ብሎ ያስረዳን ጀመር። እማማ አስካለ ምን እያለ ነው ሲሉ መተርጎሙ እኔ ላይ ወደቀ። ይህን የሠሩት ቢቨሮች ናቸው ይላል አልኳቸው። ውሻ የሚያክሉ፣ ጅራታቸው ሰፊ፣ ዛፍ በጥርሳቸው የሚጥሉ እንስሳት ናቸው፤ አገራችን የሉም። ያፈረስነው ግድባቸው ነው። ቤታቸው ያ ጉብታ ነው። በራቸው አውሬ እንዳይገባባቸው ከውሃ በታች ነው የሚሆነው፤ ግድቡን የሚሠሩት ውሃው በሩን እንዲሸፍንላቸው ነው። በብርዱ ወራት የሚበሉትንም ቅርንጫፍ አሁን በዚህ ወቅት ነው ከውሃው ሥር ጭቃው ውስጥ እየሰኩ የሚያከማቹት። እየተረጎምኩ ድምፄ እየወረደ ሄደ። መጨረሻ ላይ የምናገረው ለጫማዬ ነበር።

እማማ አስካለ ያን ቀዳዳ ብዙ ጊዜ አዩት።

"ታደሰ፣ ቤታቸውን ነው ያፈረስከው?" አሉት አባዬን።

"ሳላውቅ ነው፣ እትዬ።"

 አባዬ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ነጭ ሸሚዙን እንደለበሰ፣ ሁለት እጁን የሚያደርግበት አጥቶ፣ ትናንት አለቃ በነበረበት ቦታ ላይ ቆመ። እኔም አፈርኩ፤ በእሱም፣ በእልልታዬም፣ በመዝሙራችንም። መዘምራኑ አንድ መዝሙር ዘምረው ሹልክ እያሉ ወደ መኪናቸው ሄዱ። ፓስተሩ ገንዳው አለ እኮ ሲል እማማ አስካለ እጃቸውን አወዛወዙና ወንበር አምጡና ወደ ጉብታው አዙሩልኝ አሉ።

ሽማግሌው ጀንበር ስታዘቀዝቅ ይወጣሉ ብሎን ስለነበር እማማ አስካለ፣ አባዬና እኔ ሦስታችን ቀረን። እውነትም ወጡ። መጀመሪያ አንዷ ብቅ ብላ ጭንቅላቷን ቀና አድርጋ ውሃው የሚፈስበትን ድምፅ አዳመጠች። አባዬ ሲነቃነቅ ጅራቷን ውሃው ላይ ጧ አድርጋ ጠፋች፤ እሱ ደግሞ ደንግጦ ዛፍ ጀርባ ገባና ከዚያ አልወጣም። ቆይተው ተመለሱ። ቅርንጫፉን በጥርሳቸው ይዘው ይጎትታሉ፣ ወፍራሙን ጫፍ ጭቃው ውስጥ ይሰካሉ፣ ድንጋይ ያንከባልላሉ፣ ጭቃውን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ አቅፈው እያመጡ ይመርጋሉ። አንዱ መሃል ላይ ደከመው መሰለኝ፣ ቁጭ ብሎ ቀጭን እንጨት እንደ በቆሎ እሸት እያዞረ ቅርፊቱን ጋጠና የተላጠውን ለግድቡ ሰጠው። በዚያው በቆሻሻው ቦታ፣ ከዜሮ። እማማ አስካለ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያዩ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ መብራት ላይ ስንቆም እማማ አስካለ፣ ቲኬቴን አስተላልፍልኝ አሉት፤ ውሃው ሲሞላ እጠመቃለሁ። አባዬ፣ ረቡዕ እኮ ነው በረራዎ፣ ቤትዎ ብሎ ጀመረና ዋጠው። "እኔ የሚያስቸኩለኝ ቤት የለኝም" አሉ። ምንም ክፋት አልነበረበትም አባባላቸው። አረንጓዴ ከበራ በኋላ ከኋላችን ጥሩምባ እስኪነፋብን ድረስ አባዬ አልተንቀሳቀሰም።

ከዚያ በኋላ ከታክሲ ሥራው በወጣ ቁጥር እዚያ ነበር። የከመርነውን እንጨት እየተሸከመ ውሃው ዳር ያስቀምጥላቸዋል። አንዳንዱን ይወስዱለታል፣ አንዳንዱን ንቀው ይተዉታል፤ እነሱ የሚወዱት እርጥቡን ነው። ከወንዶቹ የረዱት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ሌሎቹ ነገሩ ሲነሳ ወሬ ያስቀይሩ ነበር። ቅጠሉ ቀልቶ መርገፍ ሲጀምር ውሃው ተመልሶ ሞላ፣ በሩም ተሸፈነ።

ጥምቀቱ ያለ እንግዳ ሆነ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የሚጠመቅ ሰው ከመግባቱ በፊት ምስክርነት ይሰጣልና አባዬ ዛሬ በሰው ፊት ጉዴን ሊያወጡት ነው ብሎ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። እማማ አስካለ ነጭ ቀሚሳቸውን ሰብስበው እንዲህ አሉ፦

"እኔ እዚህ የመጣሁት ቤቴን ያፈረሱትን ልጆች እየረገምኩ ነው። ሰው እንዴት እየዘፈነ የሰው ቤት ያፈርሳል እል ነበር። ይኸው በእጄ ያሳደግሁት ልጅ፣ ክፋት የማያውቅ ልጅ፣ እየዘመረ አፈረሰ። ከዚያ ወዲህ እነዚያን ልጆች ልረግም አፌን ስከፍት የእሱ ፊት ይመጣብኛል። ትቼላቸዋለሁ። በሉ አስገቡኝ።"

አባዬ ቀና አላለም። እጃቸውን ሲዘረጉለት ነው፣ ከነጫማው ውሃው ውስጥ ገብቶ የደገፋቸው። ሲወጡ ከግድቡ ዳር የተላጠች እንጨት አንስተው አስያዙት። ምን ብለው እንደሰጡት አልሰማሁም፤ ጠይቄውም አልነገረኝም።

ዛሬ እማማ አስካለ የሉም፤ የተሰጣቸው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጥቂት ዓመት ኖረው አረፉ። ቤተ ክርስቲያናችን የራሷን ሕንፃ ሠርታለች፤ ሞቅ ያለ ውሃ ያለው የእብነ በረድ ማጥመቂያ አላት። እዚያ ጫካ ውስጥ ደግሞ የእንጨት መተላለፊያ ተሠርቶ፣ ስለ ቢቨር የሚያስረዳ ሰሌዳ ተተክሏል። እኛ ያኔ የሚነግረን ሰሌዳ አልነበረንም እላለሁ አንዳንዴ፤ ደግሞ የተፋቁት ዛፎች እዚያው ነበሩ እኮ፣ ማንም ቆሞ አላየም።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር አባዬ ከጓሮው ዛፍ እርጥብ ቅርንጫፍ ይቆርጥና ወደዚያ ጫካ እንድወስደው ይደውልልኛል። ዘንድሮ ውድብሪጅ ካለው ቤቴ ልጄን ይዤ ሄድኩ። አባዬ ቅርንጫፉን ውሃው ዳር አንድ በአንድ ደረደረ፤ ልጄ ሰሌዳውን ጮክ ብሎ በእንግሊዝኛ አነበበለት። ከዚያ ትንሽ ቆይተን እንያቸው፣ ሊወጡ ነው እኮ እያለ ይለምነው ጀመር። ፀሐይዋ ዛፎቹ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። አባዬ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና የልጁን እጅ ያዘ።

"ሳይወጡ እንሂድ" አለ።