ሥዕል ያልተገኘለት የዛይኛ ቃል

ከባሕር ማዶው ሰፈራችን፣ ከኦቴሎ፣ ወደ ሐይቁ ስወርድ የረጠበ ቄጠማ ሸተተኝና አያቴ ትዝ አሉኝ። ልጅ ሳለሁ ዝዋይ ሐይቅ ላይ በታንኳ ከፊታቸው አስቀምጠውኝ ሲቀዝፉ፣ ውሃው ድንገት ጸጥ አለ። መቅዘፊያውን አነሱና በደሴቶቹ ቋንቋ፣ በዛይኛ፣ አንድ ቃል ተናገሩ።

«አባባ፣ በአማርኛ ምን ማለት ነው?» አልኳቸው።

«አማርኛውን እንጃ፣ ልጄ። ዝም በይ፣ አሁን ይመጣልሻል።»

ወዲያው ከደሴቱ ጀርባ ነፋስ ተነሳ፤ ታንኳዋ ስትናጥ ዓሣ ዓሣ የሚሸት ጋቢያቸው ውስጥ ሸሸጉኝ። እሳቸው ካረፉ ወዲህ ያን ቃል ከማንም አፍ አልሰማሁትም።

አሁን እዚህ ለተወለዱ የዛይ ልጆች፣ ቋንቋው እንዳይጠፋ፣ የሥዕል ካርድ እናዘጋጃለን። ትናንት የአያቴን ቃል፣ ነፋስ ሊነሳ ሲል ውሃው ጸጥ ማለቱን፣ ስነግራት ልጄ እርሳሷን ይዛ፣ «ሶ፣ ማሚ፣ ይሄን እንዴት ብዬ ልሣለው?» አለችኝ።

ቃሉን ደግሜ አልኩላት። እሷም አለችው። ካርዱ ግን እስካሁን ባዶ ነው።