ቢቸና ላይ ጥብቅና የተማርኩበት ክረምት

ሞጣ ዳር ያለውን ሰፈራችንን ሰው በስሙ አይጠራውም ነበር። «እነ ሸክላዎች ጋ» ነበር የሚለው። እናቴ ጋንና ድስት ትሠራለች። ሰው ድስቷን ገዝቶ ወጡን ይሠራበታል፤ እሷን ግን ከደጃፉ አያስገባትም። በገበያ ቀን ሕፃን ያዘለች ሴት በእናቴ ፊት ስታልፍ የልጇን ፊት በነጠላዋ ትሸፍናለች፤ ቡዳ እንዳይበላባት ነው። ትምህርት ቤትም ልጆቹ ምሳቸውን ሲበሉ እንዳላያቸው ጀርባቸውን ይሰጡኝ ነበር። እኔ የሌላ ሰው ጀርባ እያየሁ ነው የበላሁት።

ዩኒቨርሲቲ ሕግ ስገባ ግን ማንም አያውቀኝም። «ቤተሰብ ምን ይሠራል?» ሲሉኝ «ነጋዴ ናቸው» እላለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ብዬ ከሰው ጋር ከአንድ ትሪ በላሁ።

አራተኛ ዓመት ላይ የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አንድ ወረቀት ተለጠፈ። ከተገለሉ የኅብረተሰብ ክፍሎች ለመጡ የሕግ ተማሪዎች የክረምት ኢንተርንሺፕ ይላል። አንድ ድርጅት ነው ያዘጋጀው። ተማሪውን ጠበቃ ቢሮ ይመድበዋል፤ ጥሩ ውጤት ያመጡትን ሲመረቁ ራሱ ይቀጥራቸዋል። ቅጹ ላይ «የተገለሉበትን ሁኔታ በዝርዝር ይግለጹ» የሚል ባዶ ቦታ አለ። ሦስት ዓመት የደበቅኩትን ነገር በራሴ እጅ ጽፌ ማስገባት ነበረብኝ። ጻፍኩ። ቅጹን የተቀበለችኝ ሠራተኛ አንብባ፣ «ጥሩ ነው፤ በደሉ ግን ትንሽ ጎላ ቢል ይመረጣል። ተወዳዳሪው ብዙ ነው» አለችኝ። ወስጄ አጎላሁት። የልጆቹን ጀርባ የጨመርኩት ያኔ ነው።

የተመደብኩት ቢቸና ነው። ከሞጣ በደብረ ወርቅ በኩል በሚኒባስ ወረድኩ። ጠበቃው ፀጉራቸው የሸበተ፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ፣ ድሮ ዳኛ የነበሩ ሰው ናቸው። ቢሯቸው ሁለት ክፍል ሲሆን አንዲት ጸሐፊ አለቻቸው። የመጀመሪያው ቀን የድርጅቱን ደብዳቤ ከፍተው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። «ከሸክላ ሠሪ ማኅበረሰብ የመጣች» የሚለው ላይ ሲደርሱ የጸሐፊዋ እጅ ኮምፒውተሩ ላይ ቆመ።

«እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ኋላቀርነት የለም» አሉኝ ጠበቃው። «እንደ ቤትሽ ቁጠሪው።»

በማግስቱ ሻይ መጣ። ለእሳቸውና ለጸሐፊዋ በብርጭቆ፣ ለእኔ በፕላስቲክ ኩባያ። ኩባያው ከሥሩ በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት ተደርጎበታል። ጠበቃው አዩት፤ አይተው ወደ መዝገባቸው ተመለሱ። እኔም ጠጣሁት።

የተከራየሁበት ቤት ባለቤት አንዲት ደግ መበለት ነበሩ። የልጅ ልጃቸውን ያሳድጋሉ። ሳምንት ሳይሞላኝ ከቢሮ ስመለስ ሻንጣዬ በረንዳ ላይ ቆሞ ካፊያ ይመታዋል።

«ልጅቱን አተኮሳት፤ አንቺን ብዬ አይደለም» አሉኝ፤ ዓይኔን ላለማየት ሻንጣዬን እያዩ። «ሰው ያወራል። ከሕፃን ጋር ነው ያለሁት።»

«ማን ነገረዎት፣ እትዬ?»

«ምን ያደርግልሻል?» አሉና በሩን ዘጉት። ከዚያ በኋላ ክረምቱን ያሳለፍኩት መናኸሪያው ጀርባ በአንድ አልጋ ቤት ነው።

ሥራው ላይ ግን ጎበዝ ነበርኩ። አቤቱታ አረቅቃለሁ፣ የሰበር ውሳኔ እፈልጋለሁ፣ ጽሕፈቴም ያምራል። ጠበቃው ያረቀቅኩትን አንብበው «አንቺ እኮ የተፈጠርሽው ለዚህ ነው» ሲሉኝ ቀኑን ሙሉ ደስ እያለኝ እውል ነበር። በክረምቱ መጨረሻ የሚሞላው የግምገማ ቅጽ በእሳቸው እጅ ነው። ያን ቅጽ ለማግኘት ብዙ ነገር እንደማደርግ አውቄ ነበር። ምን ያህል እንደሆነ ግን አላወቅኩም።

ሐምሌ ላይ አንድ ገበሬ መጣ። ከከተማው ወጣ ብላ ካለች ቀበሌ ነው። ሴት ልጁ ስትታመም መንደሩ ውስጥ ያለች ሸክላ ሠሪ በልታብኛለች ብሎ ሴትዮዋን ከቤቷ ጎትቶ አወጣት። «እንትፍ በይባት! ልቀቂያት!» እያለ በዱላ መታት። ሴትዮዋ ፊቷን ስትከልል ዱላው ያረፈው ቀኝ እጇ ላይ ነው። ከሳዋለች፤ ፖሊስም ቃሉን ተቀብሎታል።

«ጠይቧ ናት ልታሳስረኝ የተነሳችው!» አለ ገበሬው፣ እኔ ከጎኑ ተቀምጬ ማስታወሻ እየያዝኩ። «የእነሱን ነገር መቼም ታውቁታላችሁ።»

ጠበቃው ወደ እኔ አየት አደረጉና ፈገግ አሉ። እኔ «ጠይቧ» የሚለውን «የግል ተበዳይ» ብዬ ጻፍኩት።

ሰውየው ሲሄድ ጠበቃው በሩን ዘጋ አደረጉ። «የሐኪሙ ማስረጃ ቀላል ጉዳት ነው የሚለው። በግል አቤቱታ የሚያስቀጣ ነው። እሷ አቤቱታዋን ካነሳች ይዘጋል። አንቺ ሂጂና አነጋግሪያት።»

«ለምን እኔ፣ ጋሼ?»

«ታውቂዋለሽ» አሉኝ። «ሌላ ሰው አትሰማም። ደግሞ ለእሷም እርቅ ይሻላታል፤ ሰውየው ያሳክማታል፣ ሽማግሌ ፊት ይቅርታ ይጠይቃታል። አፈር የምትቆፍረውም ከእሱ ማሳ ጥግ ነው፤ አይከለክላትም። ንገሪያት።»

ግማሹን በባጃጅ፣ ግማሹን በጭቃ በእግሬ ሄድኩ። ቤቷ ከመንደሩ ተነጥሎ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው። በእናቴ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። ቀኝ እጇ በጨርቅ ተጠቅልሎ ጭኗ ላይ ተቀምጧል። ከጠበቃው ቢሮ መምጣቴን ስነግራት ፊቷን አዞረች።

«እማማ፣ እኔም የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ» አልኳት። ቅጹ ላይ ከመጻፌ ሌላ፣ ይህን ለሰው በአፌ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።

«እናትሽ ጋኑ እሳት ላይ እንዳይፈነዳባት አፈሩ ውስጥ ምን ትጨምራለች?» አለችኝ፣ አሁንም ሳታየኝ።

«ገል። የተሰበረ ሸክላ ፈጭታ።»

ሳቀች። «ይቺማ የእኛው ናት» አለችና በር ላይ ለቆመች ሴት ልጇ ምግብ እንድታቀርብ ነገረቻት። ሽሮ ነበር። ከአንድ ሳህን በላን። በደህናው እጇ አጎረሰችኝ። ቢቸና ከመጣሁ ወዲህ ከሰው ጋር የበላሁት ገና ያን ቀን ነው።

ጉርሻዋ አፌ ውስጥ እያለ አግባባኋት። ፍርድ ቤት ምልልስ መሆኑን፣ በክረምት ጭቃ እንደማትችለው፣ ምስክር የሚሆናት ጎረቤት እንደሌለ ነገርኳት። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሕክምናውንና ይቅርታውን፣ አፈሩንም ነገርኳት።

«ጣቴ ካልዳነስ?» አለችኝ። «ሁለቱ አይታጠፉልኝም።»

«ካልዳነ ያኔ ካሣ መጠየቅ ይችላሉ፣ እማማ። የሚነሳው የአሁኑ ክስ ብቻ ነው።»

ይህንንም ስናገር አምኜ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ አልዋሸኋትም።

በሦስተኛው ቀን ቢሮ መጣች። ከመድረሷ በፊት ጠበቃው የእርቅ ውሉን በቃል እየነገሩኝ በጽሕፈቴ ጻፍኩት። መጨረሻው ላይ እንዲህ አሉ፦ «በዚህ ጉዳት ምክንያት ወደፊት ምንም ዓይነት የካሣም ሆነ የሕክምና ጥያቄ ላላነሳ ተስማምቻለሁ።»

እጄ ቆመ። «ጋሼ፣ እኔ እንዲህ አልነገርኳቸውም። እንዲያውም መጠየቅ ይችላሉ ነው ያልኳቸው።»

«የተጻፈውን ታነቢላታለሽ» አሉኝ በዚያው ዝግ ባለ ድምፃቸው። «እንዴት እንደምታነቢላት ደግሞ ለአንቺ አልነግርሽም።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ጠበቃ ነው መሆን የምትፈልጊው ወይስ ምስክር?»

ጻፍኩት።

ሴትዮዋ መጣች፤ ከጎኔ ተቀመጠች። ገበሬው ትይዩ ነው። «አንብቢልኝ፣ ልጄ» አለችኝ። አነበብኩላት። የመጨረሻው መስመር ላይ ስደርስ ዘልዬው ወደ ቀኑና ወደ ፊርማው ቦታ ሄድኩ። ድምፄ እንኳን አልተለወጠም። ቀኝ እጇ ስለታሰረ በግራ አውራ ጣቷ አሳተመች። ገበሬው ጣሪያውን እያየ «ይቅር በይኝ» አለ። ሴትዮዋ ስትወጣ ጭንቅላቴን ይዛ «ከፍ በይልኝ፣ ትልቅ ሰው ያድርግሽ» ብላ መረቀችኝ። ጸሐፊዋ ሳይቀር አሜን አለች።

ገበሬው አንድም ቀን አላሳከማትም። ወደ አፈር ጉድጓዱ የሚወስደውንም መንገድ በእሾህ አጠረው። ይህን የሰማሁት በነሐሴ አጋማሽ እሷው ቢሮ ስትመጣ ነው። እኔ የውስጠኛው ክፍል ውስጥ መዝገብ እደረድር ነበር፤ በሩ ገርበብ ብሏል። ድምፅዋን ሳውቅ ከመደርደሪያው ጀርባ ገባሁ።

«ጣቴ ደርቆ ቀረ» አለች። «ካሣ መጠየቅ ትችያለሽ ተብዬ ነበር።»

ጸሐፊዋ ውሉን አውጥታ መጨረሻውን መስመር አነበበችላት። ሴትዮዋ፣ «ይሄ አልተነበበልኝም» አለች። «ልጅቷን ጥሩልኝ። እሷ ታውቃለች። የእኛ ልጅ ናት፤ እሷ ትነግራችኋለች።»

«የለችም» አለች ጸሐፊዋ። «ጨርሳ ሄዳለች።»

በመደርደሪያው ክፍተት የላስቲክ ጫማዋን አየው ነበር፤ ጭቃ ይንጠባጠብበታል። መውጣት እችል ነበር። አምስት እርምጃ አይሆንም። ጫማዋ ወደ በሩ ዞረና ሄደች።

ጸሐፊዋ ወደ ውስጥ ገባች። ለአንዴም ቢሆን ፊቷን ፈትታ አይታኝ አታውቅም ነበር። ያን ዕለት ግን ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝና ሻይ አመጣችልኝ። በብርጭቆ ነበር። እየጣፈጠኝ ጠጣሁት፤ ይህንንም መደበቅ አልፈልግም።

ግምገማው ከጠበቅኩት በላይ ሆነ። «ከደንበኞች ጋር ያላት መግባባት ልዩ ነው» ብለው ነበር የጻፉት። ድርጅቱ በመዝጊያው ዝግጅት ላይ መድረክ አወጣኝ፤ ከሸክላ ሠሪ ቤት እስከ ፍርድ ቤት ስለመጣሁበት መንገድ ተናገርኩ፤ ተጨበጨበልኝ። ስመረቅም ቀጠሩኝ። ሥራዬ የሚቀጥሉትን ተማሪዎች ቅጽ መቀበል ሆነ። በደላቸውን ጎላ አድርገው እንዲጽፉ እነግራቸዋለሁ።

ወደ ሴትዮዋ የሄድኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ያኔ ለካሣ ክስ የሚፈቀደው ጊዜ አልፎ ነበር፤ ማለፉንም ቆጥሬ አውቄ ነው የሄድኩት። ለራሴ ግን ሥራ በዝቶብኝ፣ መንገዱም ተዘግቶ ነው እል ነበር። በሯ ላይ ልጇ ጭቃ ታቦካለች። ትምህርቷን አቋርጣ የእናቷን ሥራ ይዛለች። ሴትዮዋ አወቀችኝና ደስ አላት። «ሄዳለች አሉኝ እኮ!» አለች። ልትስመኝ ስትነሳ ከለከልኳትና ሁሉንም ነገርኳት። መስመሩን መዝለሌን፣ ከመደርደሪያው ጀርባ መቆሜን፣ ሁሉንም።

ቁጭ አለች። ልጇ ማቡካቱን ተወች።

«ጠበቃው ያነበበልኝ ቢሆን አልፈርምም ነበር» አለች። «ጸሐፊዋም ብትሆን አልፈርምም ነበር።» ቀጥላም፣ «እናትሽ ይህን ታውቃለች?» አለችኝ።

«አታውቅም።»

«ንገሪያት። እኔ ላይ የምታወርጂውን አውርደሻል፤ አሁን ከቤቴ ውጪ።»

ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ልጇ ብድግ አለች። በጭቃ እጇ ክንዴን ይዛ አጥሩ ድረስ ወሰደችኝና ለቀቀችኝ።

ሞጣ ስደርስ እናቴ ከቤት ጀርባ ድስት እየሠራች ነበር። ቁጭ ብዬ ነገርኳት። እስክጨርስ ድረስ ቀና አላለችም።

«የቱ ጣቷ ነው?» አለችኝ።

«የቀኟ። ሌባ ጣቷና የመሃሉ።»

እናቴ እነዚያኑ ሁለት ጣቶቿን ሳታጥፍ አቅንታ የድስቱን ግድግዳ ወደ ላይ ለመሳብ ሞከረች። ጭቃው ወደ አንድ ጎን ዘመመ። እንደገና ሞከረች። ሦስተኛው ላይ ግድግዳው ተሰነጠቀና ተደረመሰ። የፈረሰውን ጭቃ ሰብስባ አድቦለቦለችው።

«እዚህ ቤት እንዳታድሪ» አለችኝ፤ አዲስ ድስትም ጀመረች።