«በፊቴ» የምትለው ቃል

ብሮንዊን ታገርት ጠበቃ ለመሆን የቀራት አንድ ፊርማ ነበር። አርባ አራት ዓመቷ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድታለች፤ ጠዋት ልጆቹን አድርሳ ከሰዓት እስክትመልሳቸው ባለው ጊዜ መሪው ላይ መጽሐፍ ዘርግታ ሕግ ተማረችና ተመረቀች። በእኛ አገር ግን ዲግሪ ብቻውን ሰውን ጠበቃ አያደርግም።

ቅደም ተከተሉን ላስረዳ፤ ስለ እሱ ማውራት እወዳለሁ። በመጀመሪያ የተግባር ሥልጠናው አለ፤ ደንበኛ ማነጋገር፣ ደብዳቤ መጻፍ፣ ክስ ማርቀቅ። ቀጥሎ በአንድ ጠበቃ ሥር ሰባ አምስት የሥራ ቀን። ጠበቃው ሠልጣኙን ሲሠራ እያየ ያርመዋል፣ በመጨረሻም ቅጹ ላይ ይፈርምለታል። ሰው ሲድኒ ሄዶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች ፊት ምሎ ስሙ በጠበቆች መዝገብ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። እንዴት ያለ ብልህ ሥርዓት ነው! ችግሩ የሚፈርመው ሰው ላይ ነው።

የብሮንዊን ሰባ አምስት ቀን ያለፈው ቢላባሪ በምትባለው የስንዴ ከተማችን፣ እኔ ሃያ ሁለት ዓመት በጸሐፊነት በሠራሁበት በክላይቭ ሃርግሬቭ ቢሮ ነው። ሻይ አስፈላት፣ ውሻውን ሐኪም ቤት አስወሰዳት፤ የሠራችውን ሥራ ግን እምብዛም አላየም። እሷ ሁሉን ቻለችው። ሰሜን ውስጥ ለድሆች በነጻ የሚሟገት አንድ ቢሮ ሥራ ይዞላት ነበር፤ የሚጠብቃት ግን በዚህ ወር ከማለች ብቻ ነው። ለዚህ ወር ደግሞ ቅጹ እስከ ሐሙስ መፈረም አለበት፤ ወረቀቱ ሲድኒ እስከ ሰኞ ቢደርስ ይቀበሉታል። ሐሙስ ካለፈ የሚቀጥለው መሐላ ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ክላይቭ የሚስተር ዊትሎክን ቃለ መሐላ ጠረጴዛዋ ላይ ጣለው። ሚስተር ዊትሎክ ከጎረቤቱ ጋር በአጥር የተካሰሰ የሰማንያ አንድ ዓመት ገበሬ ነው። ማክሰኞ ብሮንዊን እንዲያነበው ብላ ክላይቭ የጻፈውን ረቂቅ እርሻው ድረስ ወስዳ ትታለት መጣች። ረቡዕ ልትወስደው ስትሄድ መነጽሩ ጠፍቶበት ሳያነበው ፈርሞበት አገኘችው፤ ለክላይቭም ይህንኑ ነግራዋለች። አሁን ከገበሬው ፊርማ ሥር የክላይቭ ፊርማ ተጨምሮበታል።

ቃለ መሐላ ማለት ምስክር ቃሉን በወረቀት ለፍርድ ቤት የሚሰጥበት ነው። ወረቀት ራሱ መማል ስለማይችል ሰውየው ጠበቃ ፊት ይቀመጣል፤ ጠበቃው መልኩንና መታወቂያውን ያያል፣ ያስምለዋል፣ ሲፈርም ያየዋል፣ ከዚያ እሱም ይፈርማል። መጨረሻ ላይ «በፊቴ» የምትል አንዲት ቃል አለች። ዳኛው ያላየውን ሰው የሚያምነው በእሷ ነው።

«ይሄን ፍርድ ቤት አስገቢልኝ» አላት ክላይቭ።

«ፊትህ ነው እንዴ የፈረመው?»

«የዊትሎክን ፊርማ አርባ ዓመት አውቀዋለሁ። ዶሮ ጭቃ ላይ የሄደችበት ነው የሚመስለው።»

«ፊርማውን ታውቀዋለህ ወይ አላልኩህም። ፊትህ ነው ወይ?»

«ብሮኒ፣ እዚህ ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠራው። የአውቶቡስ ትኬት እየቆረጥሽ አይደለም።»

«የትምህርት ቤት አውቶቡስ ትኬት የለውም። የማታውቀውን ሥራ አትስደብ።» ጆሮዋ ቀልቷል። «አላስገባም።»

«እንግዲያው ያንቺም ቅጽ ይቆያል።» ቅጹን መሳቢያው ውስጥ ቆልፎበት ወጣ። የእኔም ደም ፈላ።

ብሮንዊን ሽማግሌውን አምጥታ ክላይቭ ፊት ለማስፈረም ሰባ ኪሎ ሜትር ነዳች። ሚስተር ዊትሎክ ማጨጃው ላይ ነበር። «ዝናብ እየመጣ ነው፤ ለክላይቭ ብዬ ስንዴዬን አላስበላም። ነገ» አላት።

ዓርብ ጠዋት መጣ፤ በዚህ ጊዜ መነጽሩን ይዟል። ክላይቭ ፊት ቁጭ ብሎ እያንዳንዱን መስመር በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ስድስተኛው አንቀጽ ላይ ጣቱ ቆመ።

«‹ጎረቤቴ አጥሩን ሲነቅል አይቻለሁ› ይላል። ማን ነው ይሄን የጻፈው? ያየው ወንድሜ ነው። እኔ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር።»

«ያው ነው፣ ዊትሎክ» አለ ክላይቭ።

«እንዴት ያው ይሆናል? የዚያ ሰውዬ ጠበቃ የሆስፒታል ወረቀቴን ቢያወጣ ውሸታም የምባለው እኔ ነኝ ወይስ አንተ?»

«ሳይነበብ መፈረሙን ነግሬህ ነበር» አለችው ብሮንዊን። አንቀጹን «ከወንድሜ ሰምቻለሁ» ብዬ እንደገና ጻፍኩት፤ ሽማግሌው ማለ፣ ፈረመ፣ ወደ ስንዴው ተመለሰ።

ክላይቭ መሳቢያውን ከፍቶ ቅጹን አወጣና ፈረመ። «ይኸው። ሐሙስ ብዬ ነው የጻፍኩት፤ ይደርስልሻል። በቃ ተወይው።»

እውነቱን ልናገር፤ እኔ በልቤ ‹ዝም ብለሽ ተቀበዪ› እያልኩ ነበር። ብሮንዊን ቀኑ ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ዛሬ ዓርብ ነው።»

«አውቃለሁ። ውለታ እየዋልኩልሽ ነው።»

«ውለታ? ትናንት እውነተኛ ሐሙስ ነበረልህ። እኔን ለመቅጣት ቆለፍክበት። ዛሬ ደግሞ ውሸቱን ተሸክሜልህ ዳኞች ፊት እንድምል ትፈልጋለህ።»

«ሥራው ያመልጥሻል እኮ!»

«አላመለጠኝም፤ አንተ ነህ ያሳጣኸኝ። ዓርብ በል።»

ክላይቭ ቀኑን ሰርዞ ዓርብ ብሎ ጻፈ። እሷም እዚያው ቆማ ወደ ሰሜኑ ቢሮ ደወለች። የሆነውን በሦስት ዓረፍተ ነገር ነገረቻቸው። ከወዲያ ያለችው ሴት ማዘኗን ተናግራ ሥራውን ለሁለተኛዋ ተወዳዳሪ እንደሚሰጡ አሳወቀቻት።

«ስጧት» አለችና ስልኩን ዘጋች። ከዚያ የቆሻሻ ቅርጫቱን በእርግጫ መታችው፤ ተንከባሎ ወረቀቱን ሁሉ ክላይቭ በር ላይ ዘረገፈው። ቅጿን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወጣች። ክላይቭ ቅርጫቱን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

አላነሳሁትም።