መርፌዋ ያገኘችው ማዕድ

በውኃ ፓምፕ ጣቢያው የሚሠሩት ሁሉ የማታ ፈረቃዋን ሴት "ጌጅ" ይሏታል። ጌጅ የውኃ ግፊት የሚለካው፣ ፊቱ መስታወት የሆነ፣ ሰዓት የሚመስል ዕቃ ነው፤ ውስጡ አንዲት ቀጭን መርፌ አለች። በጣቢያው ግድግዳ ላይ እንዲህ ያሉ ስድስት ጌጆች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ የአንድ መስመርን ውኃ ይከታተላል። የሴትዮዋ ሥራ ከቀኑ አሥር ሰዓት እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት በየሩብ ሰዓቱ መርፌዎቹን እያነበቡ ቁጥሩን መዝገብ ላይ ማስፈር ነው። ሌላ ሰው ቢሆን በሁለተኛው ቀን እንቅልፍ ይዞት ይሄድ ነበር። እሷ ግን በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አልሰለቻትም፤ መርፌ ማንበብ ለሚችል ሰው ሰፈሩ ገመና የለውማ። በቴሌቪዥን የሚታየው ኳስ ለእረፍት ሲቆም ስድስቱም መርፌዎች እኩል ዝቅ ይላሉ፤ ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ መጸዳጃ ቤት ገባ ማለት ነው። እሑድ ማታ ሁለተኛው መስመር ሲያቃስት እናቶች ልጆቻቸውን ለትምህርት ቤት እያጠቡ ነው።

ጣቢያው ያለው ከከተማው ዳር፣ ከአውቶቡሱ የመጨረሻ ፌርማታ አጠገብ ነው። ከዚያ ወዲያ ጋራዦች፣ መጋዘኖች፣ አንድ ትልቅ ዳቦ ቤትና ያላለቁ ፎቆች ናቸው። ምሽት ሦስት ሰዓት ሲሆን ሱቁ ሁሉ ይከረቸማል። ከዚያ በኋላ ትኩስ ነገር የፈለገ ሰው የሚያገኘው ነዳጅ ማደያው መስኮት ላይ የተደረደረውን ብስኩት ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ትኩስ ነበር ከተባለ ዘመን አልፎታል።

ይህ ጌጅን ላያሳስባት ይችል ነበር። ያሳሰባት በአባቷ ምክንያት ነው።

አባቷ ሠላሳ አንድ ዓመት በማተሚያ ቤት የሌሊት ፈረቃ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከጌጅ ጋር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ቀን ይተኛሉ፣ ሌሊት ይነቃሉ፤ ይህም ለእሷ ተስማምቷታል፤ በልጅነቷ ያላገኘቻቸውን አባት አሁን ከሥራ ስትገባ ቁጭ ብለው ሲጠብቋት ታገኛለች። ጭንቁ መብሉ ላይ ነው። ጠዋት ሲቀርብላቸው "ገና ነኝ" ይላሉ፤ ማታ ሲቀርብላቸው "አለፈኝ" ይላሉ። እኩለ ሌሊት ላይ አሙቃ ስትሰጣቸው ሁለት ማንኪያ ቀምሰው "እጅሽ ይባረክ" ብለው ሳህኑን በትሕትና ይገፉታል። ቀበቷቸው ላይ በምስማር ሦስት አዲስ ቀዳዳ በስተዋል።

"ሰባቱን ነው የለመድኩት፤ ምን ላድርግ?" ይላሉ።

ሰባቱ! ይህን ቃል ጌጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። አባቷ ሊነጋጋ ሲል ወደ ቤት ሲገቡ እናቷ "ሰባቱን በላህ?" ይሏቸው ነበር፤ እሳቸውም "ዛሬማ ለጉድ ነበር" ይሉ ነበር። ሕፃኗ አልጋ ውስጥ ሆና ሰባት ነገር የገባበት፣ ለትልልቅ ሰዎች ብቻ የሚሠራ ምግብ በዓይነ ልቦናዋ ትስል ነበር። ካደገች በኋላም ያረማት ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ ባለፈው ወር በግልጽ ጠየቀች።

"አባባ፣ ሰባቱ ውስጥ ምን ምን ይገባል?"

"የተገኘው ሁሉ ነዋ።"

ጌጅ እንዲህ ያለ መልስ ተስፋ አያስቆርጣትም፤ እንዲያውም ያነቃታል። ደብተር አውጥታ መሞከር ጀመረች። ምስር፣ ድንች፣ ካሮት፣ ጎመን፣ ቲማቲም፣ ቆስጣ፣ ዝኩኒ፤ ይህ ሙከራ አንድ ነው። "ጥሩ ነው፤ ሰባቱ ግን አይደለም" አሉ አባቷ። በሙከራ ሁለት ቆስጣው ወጥቶ ባቄላ ገባ። በሙከራ አምስት ዝኩኒው ተቆርጦ ሳይሆን ተፍቆ ገባ። አሥራ አንደኛው ሙከራ ላይ ሾርባው ግሩም ነበር፤ እሷ ሁለት ሳህን ጠጣች፤ አባቷ ሦስት ማንኪያ።

በዚህ መሐል የሰፈሩ ጤና ጣቢያ ነርስ ቤት ድረስ መጥታ ሽማግሌውን መዘነቻቸው፤ አርባ ስምንት ኪሎ ሆኑ። ሩቅ ከተማ የሚያስተምረው ታላቅ ወንድሟ ይህን ሲሰማ ስልክ ደወለ።

"በወሩ መጨረሻ እመጣለሁ። ሃምሳ ካልሞሉ አባባን ይዣቸው ነው የምሄደው። እኔ ቤት ቢያንስ ሰው በሰዓቱ ይበላል።"

"በማን ሰዓት?" አለች ጌጅ።

"በሰው ሰዓት!" ብሎ ዘጋው።

አባቷን ወደዚያ ቤት ከወሰዳቸው ቀን ቀን ሲያንቀላፉ፣ ሌሊት በጨለማ ብቻቸውን ሲቀመጡ ታያት። ሃያ ሦስት ቀን ቀርቷታል።

መርፌዋ የተናገረችው በዚያው ሳምንት ነው። ጌጅ የድሮ መዝገብ ስታገላብጥ አራተኛው መስመር ላይ አንድ ነገር አየች፤ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ግፊቱ ዝቅ ይላል፤ ሩብ ሰዓት ቆይቶ ይመለሳል። ሰኞም እንዲሁ፣ ማክሰኞም እንዲሁ። እሑድ ብቻ የለም። አራተኛው መስመር የጋራዦቹና የመጋዘኖቹ ነው፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ ሌሊቱን ሁሉ እኩል ከሚቀዳው ዳቦ ቤት በቀር እዚያ ሁሉ ነገር ዝግ ነው።

በስድስት ሰዓት የሚተካት ሽማግሌ የሥራ ባልደረባዋ መነጽሩን አውርዶ አየው። "የሆነ ቦታ ያፈስሳል፤ ሌላ ምን ይሆናል?"

"ጋሼ፣ የሚያፈስ ቧንቧ ሰዓት አያከብርም፤ እሑድም እረፍት አይወጣም።"

"እሱስ ልክ ነሽ" አለና የራሱን መዝገብ ገፋላት። እዚያ ደግሞ ሌሊት ስምንት ተኩል ላይ ሌላ መውረድ ነበር፤ ያኛው ቆረጥ ቆረጥ ይላል፤ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ይዘጋል።

ነገሩ የሚጥመው እዚህ ላይ ነው። ጌጅ ወረቀት ላይ አሰመረችው። መጀመሪያ አንድ ረዥም መቅዳት፤ ትልቅ ዕቃ እየተሞላ ነው። ቀጥሎ የሦስት ሰዓት ዝምታ። በመጨረሻ ቆረጥ ቆረጥ፤ ያ አለቅላቂ እጅ ነው። ሞላ፣ ቆየ፣ ታጠበ። ይህን የሚያደርግ በዓለም ላይ ወጥ ቤት ብቻ ነው።

"ጋሼ፣ ድስት ነው!" ብላ ጮኸች። "በሌሊት ድስት የሚጥድ ሰው አለ!"

"አሁን ወዴት ልትሄጂ ነው?"

"ልበላ!"

የመሥሪያ ቤቱን ሰማያዊ ጃኬት እንደለበሰች፣ ባትሪዋን ይዛ አራተኛውን መስመር ተከትላ ሄደች። ዳቦ ቤቱ ጓሮ አንድ ቦቲ ጫማ ያደረገ ጎልማሳ የውኃ ጎማ ይዞ የዳቦ መኪና ያጥባል። ድስት ያለችው የመኪና እጥበት ሊሆን ነው።

"ወንድሜ፣ አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ውኃውን የምትጨርሰው አንተ ነህ?"

"እኔ?" ጎማውን ከፍ አድርጎ አሳያት። "እህቴ፣ ይቺ ውኃ ናት? ይቺ እንባ ናት! በዚያ ሰዓትማ ጭራሽ ትሞትብኛለች። ያን ጊዜ 'ሴትዮዋ ጣደች' ብዬ ቁጭ እላለሁ።"

"የቷ ሴትዮ?"

"ከጎማ ጠጋኙ በስተጀርባ፣ ብረት በሯ። ምልክት የለውም፤ አፍንጫሽን ተከተይ።"

ይህ ሰው ከቧንቧው በወዲያኛው ጫፍ ቆሞ ያንኑ ነገር በራሱ ዘዴ ሲያነብ መኖሩ ጌጅን ከድስቱ እኩል አስደነቃት።

ብረት በሩን ስታንኳኳ ወገቧን በሽርጥ ያጠበቀች፣ ጭልፋ የያዘች ወፍራም ሴት ብቅ አለች፤ ጃኬቱን አየች፤ በሩን መልሳ ልትዘጋው ትንሽ ቀራት።

"ቆጣሪዬ ደኅና ነው! ባለፈው ወር ታይቷል!"

"እትዬ፣ ቆጣሪ ላይ አልመጣሁም።"

"ታዲያ ውኃ ልትቆርጪ ነው በውድቅት የመጣሽው?"

"ልበላ ነው የመጣሁት።"

ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አየቻት። "የውኃ ሰው ሲራብ ዛሬ አየሁ። ግቢ በይ።"

ውስጡ አንድ ክፍል ነው። ሁለት ረዣዥም ጠረጴዛ፣ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ የግድግዳ ሰዓት፣ አንድ ሕፃን ሊታጠብበት የሚችል ድስት። ድስቱ ውስጥ ባቄላ በቲማቲምና በነጭ ሽንኩርት ይንተከተካል። አጠገቡ ድንች ከነልጣጩ ይጠበሳል። ዳቦው ከዳቦ ቤቱ የሚመጣ ነው፤ ቅርጹ የተበላሸው፣ አንዱ ካንዱ ተጣብቆ የወጣው፤ ለሱቅ አይሆንም እንጂ እጅ ያቃጥላል። ጌጅ አንድ ጉርሻ ወስዳ ዓይኗን ጨፈነች። ባቄላው ሳይፈርስ ለስልሷል፤ ዳቦው ሲቆረስ ይንኮሻኮሻል፤ ዋናው ግን ሌላ ነው፤ ይህ ምግብ ገና አሁን መሥራቱን ያበቃ ምግብ ነው። ቀን ተሠርቶ ሌሊት የሞቀ አይደለም።

"እትዬ፣ ሰባቱ የሚባል ምግብ ያውቃሉ?"

"አልሰማሁም። ባቄላ አለ፣ ድንች አለ፣ ዳቦ አለ።"

"ለአባቴ ይቋጥሩልኝ እንግዲያው።"

"አልቋጥርም። የኔ ባቄላ በር ሲያልፍ ይሞታል። አባትሽን አምጪያቸው።"

አባቷ ደግሞ ከደረጃው ከወረዱ አራት ወር ሆኗቸዋል። ጌጅ በማግስቱ ሌሊት ከሥራ ስትገባ ስለ ምግብ አንድም ቃል አላነሣችም። መዝገቡን ገልብጣ የሠራችውን ሥዕል ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችላቸውና ሁሉን ተረከችላቸው፤ መርፌዋን፣ ረዥሙን መቅዳት፣ ቆረጥ ቆረጡን፣ እንባ የምታለቅሰውን ጎማ። ሽማግሌው ዕድሜ ልካቸውን ማሽን ሲያዳምጡ የኖሩ ናቸውና ጆሯቸው ቆመ።

"መርፌ አይተሽ ድስት አገኘሽ?"

"አገኘሁ።"

"ይኼንንማ በዓይኔ ሳላይ አልተኛም። ካፖርቴን አምጪ።"

ለእሷ የሩብ ሰዓት መንገድ ነው፤ አብረው አርባ ደቂቃ ፈጀባቸው። በየመብራት ምሰሶው ሥር ቆመው ትንፋሽ ወሰዱ። ብረት በሩን ሲያልፉ የግድግዳው ሰዓት ሰባት ሊል ሁለት ደቂቃ ቀርቶታል። በዚያች ደቂቃ በሩ አላርፍ አለ፤ ዳቦ ጋጋሪዎች ዱቄት እንደለበሱ፣ ዘበኞች፣ ሹፌሮች፣ መኪና አጣቢው ከነቦቲው፤ እየተጋፉ፣ እየተሳደቡ፣ እየሳቁ አግዳሚውን ሞሉት። ሴትዮዋ የድስቱን ክዳን በጭልፋ ሁለት ጊዜ ደለቀችው።

"አባት፣ ጠጋ ይበሉልኝ" አለ አጣቢው።

ሽማግሌው ሰዓቱን አዩ። ጀርባቸው ቀና አለ። እጅጌያቸውን ወደ ላይ ሰበሰቡ፤ ጌጅ ይህን ሲያደርጉ አይታቸው አታውቅም።

"በሉ ሰባቱን አምጡት!" አሉ ጮክ ብለው።

ጌጅ ደነገጠች። "አባባ፣ ይኼ እኮ ባቄላ ብቻ ነው። ሰባት ነገር የለውም።"

"የምን ሰባት ነገር?"

"ሰባቱ ነዋ! ምስር፣ ድንች፣ ካሮት..."

አባቷ አፈጠጡባት። ከዚያ ሳቃቸው መጣ፤ ጠረጴዛውን ይዘው ሳቁ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "ሰባት ሰዓት ነው እንጂ ልጄ! ማሽኑን የምናቆመው ሰባት ሰዓት ላይ ነበር። ያለው ያለውን አምጥቶ፣ ወረቀት ላይ ዘርግተን፣ አሥራ አራት ሰው ባንድ ላይ! ታዲያ ያ ሁሉ ዝኩኒ..."

"ለሰባቱ ነበራ!"

"እኔማ ዝኩኒ በጣም ትወጃለሽ ብዬ ዝም አልኩ።"

ጠረጴዛው ሁሉ አውካካ። እሳቸው ግን ዳቦ ቆርሰው ጀመሩ፤ ማንም "ይብሉ" ሳይላቸው ሳህኑን ጠረጉ፤ የአጣቢውን ድንች እያዩ "ትጨርሰዋለህ?" አሉት። ጌጅ ማንኪያ መቁጠሯን ከዘጠነኛው በኋላ ተወችው።

ከዚያ ወዲያ ከእሑድ በቀር አልቀሩም። መንገዱ አርባ ደቂቃ መፍጀቱ ቀርቶ ሃያ አምስት ሆነ። ወንድሟ በቀጠሮው ቀን መጣ፤ አባቱን በጠራራ ፀሐይ ተኝተው አገኛቸውና ቀሰቀሳቸው፤ ካፖርታቸውን አልብሶ ጤና ጣቢያ ወሰዳቸው። ጌጅ ከኋላ ተከተለች። ሚዛን ሲታይ ከሷ በላይ መርፌ የሚያነብ የለም፤ በዚያች ደቂቃ ግን ለማየት አልደፈረችም።

"ሃምሳ ሁለት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም" አለች ነርሷ።

ወንድሟ ጎንበስ ብሎ ራሱ አየው። አስተማሪ ነውና ፈተና ላይ የሚያታልል ተማሪ ይሸተዋል። "አባባ፣ ካፖርቱን ያውልቁት እስቲ። ኪሱ ለምን አበጠ?"

"የትኛው ኪስ?" አሉ ሽማግሌው።

እጁን ከተተና ሁለት ተጣብቀው የወጡ፣ ቅርጻቸው የተበላሸ ዳቦዎች አወጣ። ነርሷ አፏን ያዘች። ካፖርቱ ወለቀ፣ ጫማውም ወለቀ፣ መርፌዋ ተወዛወዘች፣ አመነታች፣ ቆመች። ጌጅ አሁን ዓይኗን ከፈተች።

ሃምሳ ኪሎ ሊሞላ ሁለት መቶ ግራም ይጎድላል።

ወንድሟ ዳቦውን በእጁ እየመዘነ ሚዛኑን አየ፣ አባቱን አየ፣ ቀበቷቸውን አየ፤ መቆለፊያው ከሦስቱ አዲስ ቀዳዳ ወደ መጀመሪያው ተመልሷል።

"ይኼን ዳቦ ለምን ያዙት?" አለ በመጨረሻ።

"ላንተ ነዋ። ትናንት ሌሊት ልጄ ይመጣል ብዬ ሴትዮዋን ለመንኳት። አይቋጠርም ስትል ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።"

ወንድሟ አንዱን ቆረሰና አኘከ። ደርቋል፤ ቢሆንም ማኘኩን አላቆመም። አንዱን ደግሞ ለአባቱ ሰጣቸው።

"እንግዲያው ይህን እዚሁ ይብሉትና እንደገና ይመዘኑ" አለ።

"ቀን ላይ?" አሉ አባቱ ፊታቸውን አጨፍግገው። "ቀን ላይ አይወርድልኝም። ሰባቱ ላይ አብረን እንሂድና እዚያ ትመዝነኛለህ።"

ወንድሟ ወደ ጌጅ ዞረ። "ሰባቱ ደግሞ ምንድን ነው? በልጅነቴ ሰባት ነገር ያለው ሾርባ ይመስለኝ ነበር።"