አክስቴ ያስወረዷቸው ካርቶኖች

አክስቴ ካረፉ ዛሬ አርባ ቀን ሞላቸው። ለሆስፒታሎች ግሉኮስ በሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ እያንዳንዱን ጠርሙስ በመብራት ፊት እያገላበጡ ጉድፍ እንደሌለበት ማየት ነበር ሥራቸው።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ አንድ ቀን አመሹብን። እስከ ሳሊተ ምሕረት፣ እስከ ቤታችን በእግራቸው መጥተው እግራቸው አብጧል። ውሃ አሙቄ እያጠብኳቸው፣ "ሰርቪስ አመለጠዎት እንዴ?" አልኳቸው።

"እኔው ነኝ የቀረሁት፣ ልጄ። አንዱ ጠርሙስ ውስጥ ፀጉር የመሰለ ነገር አየሁ። አለቃችን 'እሱን ብቻ ያውጡና መኪናው ይሂድ' አሉኝ። እኔ ግን የተጫነው ካርቶን ሁሉ ይውረድና እንደገና ይታይ አልኩ። ስናየው ሌላ ሦስት ተገኘ።"

"ቢያባርሩዎትስ ኖሮ?"

"በሽተኛው እኮ ተኝቶ ነው በደም ሥሩ የሚሰጠው። ምን እንደገባበት አያይም። እኔ ካላየሁለት ማን ያይለታል?"

ሕመም አልጋ ላይ እስኪጥላቸው ድረስ ከዚያ መብራት ፊት አልተነሱም።

አሁን ወደ ማታ ጉርድ ሾላ ስደርስ የፋብሪካው ሰርቪስ ይቆማል። ባልደረቦቻቸው አንድ በአንድ እየወረዱ፣ እኔን ሲያዩ አንገታቸውን ይደፋሉ። አክስቴ እንደማይወርዱ አውቃለሁ። ግን በሩ እስኪዘጋ ድረስ መሄድ አቅቶኝ እቆማለሁ።