ወደ አንገት የወጣ ጥለት

ተሻለች ነጠላዋን ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ ለበሰች። ጥለት አንገት ስር ሲውል ሐዘን ነው፤ ይህን ለአገሯ ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

እህቷ ውብአለም ደሴ ላይ ሞታለች። በወጉ ቢሆን መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው፣ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ክንድ ተዘጋጅቶ። እሷ ግን ቶሮንቶ፣ ክሬሰንት ታውን ሰፈር፣ ፎቅ ላይ፣ ካልሲ እያጠፈች የእህቷን ፎቶ «ነፍስ ይማር» ከሚል ጽሑፍ ጋር ስልኳ ላይ አየችው። ጮኸች። ጎረቤት ዝም በይ ብሎ ግድግዳውን ደበደበባት።

ለሰው ኮል ማድረግ ትችል ነበር። ግን እልኸኛ ናት። «ለቅሶ ይደረሳል እንጂ ይለመናል እንዴ?» አለች። ነጠላው ይናገር፣ ያየ ሰው «ማን ሞተብሽ?» ይበለኝ። የምትፈልገው ይህችን አንድ ጥያቄ ነበር።

ምን ዋጋ አለው! ኅዳር ነው፤ ጃኬቱ ነጠላዋን ዋጠው። ቤተ ክርስቲያን እንዳትሄድ እሑድ ሺፍት አለባት። ሐበሻ ሱቅ ገብታ ዚፑን ሆን ብላ ከፈተችው። እዚሁ ቶሮንቶ ተወልዳ ያደገችው ባለሱቋ ፌበን ቀና አለች።

«ዋው፣ እትዬ ተሻለች! እንዲህ ሲለበስም ያምራል። አዲስ ስታይል ነው?»

«አዎ፣ አዲስ ነው» ብላ በርበሬዋን ይዛ ወጣች። ልጅቷን ልትቆጣት ፈልጋ አንጀቷ እምቢ አለ። ማን አስተምሯት!

በማግስቱ ነጠላዋን እንደለበሰች ምድር ቤት ላውንደሪ ስትወርድ ጎረቤቷን አኮስዋን አገኘቻት። አኮስዋ ጋናዊት ናት፣ የሸማኔ ልጅ። አንድ ቀን አባቷ የሸመነውን ኬንቴ የሚባል ጨርቅ ቤቷ ሶፋ ላይ ዘርግታ፣ ወርቃማው ሀብት፣ አረንጓዴው ልምላሜ፣ ጥቁሩ የአያቶች መንፈስ መሆኑን በተሰባበረ እንግሊዝኛ አስረድታታለች። «የዚህ ስሙ 'ጥበቤን ጨረስኩ' ነው፤ አባቴ የሚጨምረው ቢያጣ!» ብላ በሳቅ ገድላታለች።

ዛሬ ግን አየት አደረገቻትና እርጥብ ልብሷን ማሽኑ ውስጥ ጥላ ወጣች።

«እሷም!» አለች ተሻለች። ሆድ ባሳት። ደረቅ ልብሷን ታቅፋ ቤቷ ገባች።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። አኮስዋ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳ፣ ቀይ ሻሽ አስራ ቆማለች።

«ሲስተር፣ ልብስ ልቀይር ሄጄ ነው» አለች። «የነጠላሽ ጌጥ ሁልጊዜ ታች ነበር፤ ዛሬ አንገትሽ ላይ ወጣ። እኛ አገር ሰው ጨርቁን ዝም ብሎ አይቀይርም። ኬንቴውን ተውኩት፣ እሱ የደስታ ነው፤ የሐዘን ጥቁርና ቀይ ነው። ማን ሞተብሽ?»

«እህቴ» አለች ተሻለች። ቃሉ ከአፏ ለሰው ሲወጣ ገና አሁን ነው።

አኮስዋ ደግፋ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። ቤቱ ውስጥ ያለው ወንበር እሱ ብቻ ስለነበር፣ ከቤቷ የራሷን ጎትታ አመጣች።